ሦስት ቁራጭ ብረት፣ አንድ ዓይነት ጨው፣ ሦስት የተለያየ ውጤት፤ የቱ ላይ ነው የተሳሳትኩት?

ሕሊና_ቅይጥ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ለዚህ ቤት። የማስተርስ ጥናቴ የቀለጠ ጨው ብረትን እንዴት እንደሚበላ ነው። በውሃ ፈንታ በቀለጠ ጨው የሚሠሩ የኑክሌር ማብላያዎች አሉ፤ ከእነሱ ውስጥ ክሎራይድ ጨው ለሚጠቀሙት የሚሆን ብረት እየፈተሽኩ ነው። ሶዲየም ክሎራይድና ማግኒዥየም ክሎራይድ መዝኜ ቀላቀልኩ፣ በአሉሚና ክሩሲብል (ማቅለጫ ኩባያ) አድርጌ በላብራቶሪያችን ፈርነስ (ምድጃ) በ700 ዲግሪ አቀለጥኩት፣ ብረቱን ነክሬ 100 ሰዓት አቆየሁት። ብረቱ 316 የሚባለው የማይዝግ ላሜራ ነው። ሦስቱም ቁራጮች ከአንድ ላሜራ የተቆረጡ፣ በአንድ ዓይነት ብርጭቆ ወረቀት የተፈተጉ፣ በአንድ ሚዛን የተመዘኑ ናቸው። ያለን ፈርነስ አንድ ስለሆነ ግን የሠራኋቸው በተለያየ ሳምንት ነው።

ውጤቱ ግራ አጋባኝ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ሁለት እጥፍ ያህል ክብደት አጣ። ሦስተኛው ስድስት እጥፍ! ይህን ያህል ልዩነት የሚዛን ስህተት ሊሆን አይችልም። ሦስተኛው ሲወጣ ጠርዙ ተበልቶ እንደ መጋዝ ጥርስ ሆኗል፤ በጥፍሬ ስነካው ጥቁር ቅርፊት ይረግፋል።

ብረቱን ልቀይር? ለቀለጠ ጨው ተብሎ የተሠራ ነው የሚባለው ሃስቴሎይ ኤን የት ይገኛል? የማስረከቢያዬ ቀን ስለደረሰ በጣም ጨንቆኛል።

በያጁ_አዳማ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

እህቴ፣ መጀመሪያ ላሜራው በእርግጥ 316 መሆኑን አረጋግጪ። ገበያ ላይ 316 ተብሎ 304 የሚባለው ሌላ የማይዝግ ብረት ሲሸጥ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ማግኔት አይለያቸውም። 316ን የሚለየው ሞሊብዲነም የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ እሱ መኖሩን የሚያሳይ ጠብታ አለ፤ ጠብታውን ካላገኘሽ የኤክስሬይ መለኪያ ያለው ሰው ፈልጊ።

ሕሊና_ቅይጥ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡30

አመሰግናለሁ ወንድሜ። አስለክቼዋለሁ፣ 316 ነው። ደግሞስ ቢሸውዱኝ ኖሮ ሦስቱም እኩል ነበር የሚበሉት፣ ከአንድ ላሜራ ናቸውና።

ጋሽ_ምድጃ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡40

ልጄ ሕሊና፣ ስለ ኑክሌሩ የማውቀው ነገር የለም። ከቀለጠ ጨው ጋር ግን 22 ዓመት ኖሬያለሁ። በአንድ ፋብሪካ የብረት ማጠንከሪያ ክፍል ነበርኩ። መሰርሰሪያውንና መቁረጫውን የምናግለው በጨው ምድጃ ነበር። ባሪየም ክሎራይድና ሶዲየም ክሎራይድ አብረው ሲቀልጡ እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ይላሉ፣ እስከ ታች ቀይ ሆነው ይታያሉ። ብረቱን ስትነክሪበት ሙቀቱ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ይይዘዋል፤ ለዚህ ነው የሚወደደው።

የምነግርሽ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ብረቱ ከመጠየቅሽ በፊት ስለ ጨውሽ ንገሪን።

እኛ በየማለዳው ሥራ ሳንጀምር የምንፈትነው ጨውን ነበር። ብዙ ካርቦን ካለው ብረት የተሠራ እንደ ምላጭ የሳሳ ቁራጭ ምድጃው ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ እንነክርና ውሃ ውስጥ እንከተዋለን። ከዚያ በሁለት ጉጠት ይዘን እናጥፈዋለን። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ጨው ደህና ነው። ሳይሰበር ከታጠፈ ጨው ታሟል ማለት ነው፤ ኦክሳይድ ገብቶበት የብረቱን ካርቦን ጠጥቶበታል። ያን ቀን አንድም ዕቃ አይገባም። የግራፋይት ዘንግ እናስገባለን፣ ከታች የተጠራቀመውን ዝቃጭ በረጅም ጭልፋ እናወጣለን፣ እንደገና ምላጩን እንፈትናለን። አንቺ በ700 ዲግሪ ስለምትሠሪ ምላጩ አይጠነክርልሽም፣ ስለዚህ ይህ ዘዴ አይሆንሽም። ሐሳቡን ግን ያዢው።

አንድ ክረምት የጨው ከረጢቶቹን ዝናብ በሚያስገባ መጋዘን አስቀመጡብን። ጨው ውሃ እንደሚስብ ሁሉም ያውቃል፣ ግን ሳይደርቅ እንዲጨመር ተደረገ። ሲጨመር ጠጠር ወደ ፈላ ዘይት እንደተወረወረ ይንጣጣ ነበር፤ የአንዱ ልጅ ክንድ ተቃጠለ። ለዓመታት ያገለግል የነበረው የብረት ማሰሮ በዚያው ዓመት ጨውና አየር በሚገናኙበት መስመር ዙሪያውን ሳስቶ፣ በመጨረሻ በብየዳው በኩል አፈሰሰ። ማሰሮው ያው የድሮው ዓይነት ብረት ነው። የተለወጠው ጨው ነው።

ዳዊት_ኖክስቪል
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡15

ጋሼ፣ እርስዎ በምላጭ ያደረጉትን እዚህ በብዙ ገንዘብ በተገዛ መሣሪያ ነው የሚያደርጉት፤ ሐሳቡ አንድ ነው። እግዜር ይስጥልን።

ሕሊና፣ የዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ውስጥ የቀለጠ ጨው ነው ሥራዬ። አራት ነገር ልጠይቅሽ። ማግኒዥየም ክሎራይዱን ስትገዢ ጠርሙሱ ላይ ሄክሳሃይድሬት ይላል? ፈርነሱ ሲሞቅ አፍንጫ የሚሰረስር ሽታ ነበረው? ጨው ሲቀልጥ ከታች ነጭ ዱቄት ይቀራል? ሦስቱን ሙከራዎች መቼ መቼ ነው የሠራሽው?

ሕሊና_ቅይጥ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡10

አዎ፣ ሄክሳሃይድሬት ነው፤ ዋጋው የሚቀመሰው እሱ ብቻ ነበር። ሽታው ኃይለኛ ነበር፣ ዓይኔን አስለቀሰኝ፣ መስኮት ከፍቼ ነው የሠራሁት። ነጩ ዱቄትም አለ፤ ያልሟሟ ቆሻሻ መስሎኝ ነበር። የፈርነሱ በር ማጠፊያም በሦስት ሳምንት ውስጥ ቀይ ዝገት አውጥቷል፣ ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። የመጀመሪያውን ጠርሙሱ እንደተከፈተ ሠራሁት፣ ሁለተኛውን በሳምንቱ። ሦስተኛውን የሠራሁት ያ ሁሉ ዝናብ በጣለበት ሳምንት ነው፤ ጨውን ዓርብ ማታ መዝኜ ሰኞ ነው ያስገባሁት።

ዳዊት_ኖክስቪል
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡50

እንግዲያው ነገሩ ተገኝቷል። ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ለሌሎችም ይጠቅማል።

ሄክሳሃይድሬት ማለት አንዱ ማግኒዥየም ክሎራይድ ስድስት የውሃ ሞለኪውል ተሸክሟል ማለት ነው። በፍጥነት ሲሞቅ ውሃው ዝም ብሎ ተንኖ አይሄድም፤ ከክሎራይዱ ጋር ይጣላል። ከጠቡ የሚወጡት ሁለት ናቸው። አንዱ ሃይድሮጂን ክሎራይድ ጋዝ ነው፣ ዓይንሽን ያስለቀሰውና ማጠፊያውን ያዛገው እሱ ነው። ሌላው ማግኒዥየም ኦክሳይድ ነው፣ ከታች ያየሽው ነጭ ዱቄት። ጋዙ ሁሉ አይወጣም፤ ከፊሉ ጨው ውስጥ ይቀራል፤ ገና ወደ ጋዝነት ያልተለወጠው የውሃ ትራፊም ቀልጦ እያለ ቀስ በቀስ መርዙን ይለቃል። ብረትሽ ውስጥ ያለው ክሮሚየም ያን ጋዝ ሲያገኝ ክሎሪኑን ወስዶ ጨው ውስጥ ይሟሟል፣ ሃይድሮጂኑ ይለቀቃል። ከላይ ደግሞ ክፍት አየር አለ፣ ኦክስጂን በየሰዓቱ ይገባል። ስለዚህ ሦስት ጊዜ የለካሽው ብረቱን ሳይሆን የጨውሽን እርጥበት ነው። ውጤትሽ ስህተት አይደለም፣ እንዲያውም ከሳምንቱ የአየር ጠባይ ጋር ልክ ይገጥማል።

የማይዝግ ብረት ለምን እንደማይዝግ ሁላችንም ተምረናል። ክሮሚየሙ ከአየር ኦክስጂን ወስዶ በዓይን የማይታይ ስስ የኦክሳይድ ቆዳ ያበጃል፤ ቢጫር እንኳ ቆዳው ወዲያው ይመለሳል። በቤታችን ያለው ድስት የሚኖረው በዚያ ቆዳ ነው። ከክሎራይድ ሌላ ማብላያዎች የሚጠቀሙበት የቀለጠ ፍሎራይድ ጨው ግን ያንን ቆዳ ያሟሟዋል፤ በክሎራይድም ቢሆን ቆዳው አይጸናም። ብረቱ ራቁቱን ይቀራል። በውሃና በአየር ጠባቂያችን የነበረው ክሮሚየም እዚህ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ይሆናል። ይህ የተገለበጠ ነገር ነው፣ እኔም ሥራውን ስጀምር ለመቀበል ተቸግሬ ነበር።

ላዩን ብቻ ስታዪ ደህና የሚመስል ቁራጭ አጋጥሞኛል፤ ክብደቱም ብዙ አልቀነሰም። ለሁለት ቆርጬ፣ በሙጫ አጣብቄ፣ እስኪያብረቀርቅ ፈግፍጌ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሳየው ከገጹ በታች ያለው ክፍል እንደ እንጀራ ዓይን በቀዳዳ ተሞልቷል። ክሮሚየሙ የብረቱ ቅንጣቶች በሚገናኙበት ስፌት በኩል እየሾለከ ወጥቶ፣ የነበረበት ቦታ ባዶ ቀርቷል። ስለዚህ በሚዛን ብቻ አትፍረጂ፤ ሁሌም ቆርጠሽ እዪ።

የጣናው_ኬሚስት
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ዳዊት ጥሩ አስቀምጦታል። የኑክሌሩን በኩል ልጨምር፣ ምክንያቱም ማብላያ ውስጥ ጨው ፍጹም ደረቅ ቢሆንም ነገሩ አያበቃም።

ፍሎሪን ከየትኞቹ ብረቶች ጋር አጥብቆ እንደሚያዝ ተራ አለው። ሊቲየምና ቤሪሊየም አጥብቀው ይይዙታል፣ ማንም አይነጥቃቸውም፤ ለዚህም ነው የጨው አካል ለመሆን የተመረጡት። ከማብላያው ግድግዳ ብረቶች መካከል ደግሞ አጥብቆ የሚይዘው ክሮሚየም ነው፣ ቀጥሎ አይረን፣ ከዚያ ኒኬል። ሞሊብዲነምም ከክሮሚየም ይልቅ ከፍሎሪን ይርቃል። ስለዚህ የኒኬል ግድግዳ ከጨው ጋር በሰላም ሲኖር፣ በውስጡ ያለው ክሮሚየም ለመውጣት ይቸኩላል።

ነዳጁ ራሱ በጨው ውስጥ ሲሟሟ ሌላ ጉዳይ ይመጣል። ዩራኒየም አራት ፍሎሪን ይዞ ነው ያለው። አንዱን ለክሮሚየም አሳልፎ በሦስት ሊኖር ይችላል። አንድ ክሮሚየም ሁለት ፍሎሪን ስለሚፈልግ ከሁለት ዩራኒየም አንድ አንድ ይወስዳል። ሚዛኑ ወዴት እንደሚያደላ የሚወስነው ባለ አራቱና ባለ ሦስቱ ዩራኒየም ያላቸው ድርሻ ነው።

አሁን ዩራኒየሙ ተሰነጠቀ እንበል። የያዛቸው አራት ፍሎሪኖች ባለቤት አጡ። ከስንጥቁ የተወለዱት አዳዲስ ንጥረ ነገሮች ሁሉንም አይወስዷቸውም፤ ዜኖንና ክሪፕቶን ምንም አይዙም፣ ሞሊብዲነምና ሩቴኒየምም አይፈልጉም። ስለዚህ ማብላያው በሠራ ቁጥር ጨው በራሱ እየተራበ ይሄዳል፣ ማለትም ብረት እየፈለገ። ያለ ተቆጣጣሪ ከተተወ ግድግዳውን ነው የሚበላው።

ዳዊት_ኖክስቪል
ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡40

የጣናው እንዳለው ነው። ይህ ደግሞ በተግባር የታየበት ቦታ ከቤቴ በመኪና ግማሽ ሰዓት ይርቃል፣ የአሜሪካ የኑክሌር ምርምር ላብራቶሪ ያለበት ኦክሪጅ።

በ1950ዎቹ የአሜሪካ አየር ኃይል በኑክሌር የሚበር ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ይፈልግ ነበር። ለዚያ ተብሎ ኦክሪጅ የሠራው የሙከራ ማብላያ በኖቬምበር 1954 እ.ኤ.አ. ለጥቂት ቀናት ሠራ። ነዳጁ የሶዲየም፣ የዚርኮኒየምና የዩራኒየም ፍሎራይድ ነበር፣ ሙቀቱ እስከ 860 ዲግሪ ይደርሳል። ቧንቧው ኢንኮኔል የሚባል የኒኬል ቅይጥ ነው፣ ከመቶ 15 እጅ ገደማ ክሮሚየም ያለበት። ለጥቂት ቀን ይበቃል፣ ለዓመታት ግን አይሆንም፤ ክሮሚየሙ ይወጣል፣ ከስር ቀዳዳው ይቀራል።

ከዚያ ተነሥተው ነው ለጨው ብቻ የሚሆን ቅይጥ የሠሩት። ያኔ ኢኖር ስምንት ይባል ነበር፣ ዛሬ ሕሊና የጠየቀችው ሃስቴሎይ ኤን ነው። ከመቶ 16 እጅ ሞሊብዲነም፣ 7 እጅ ክሮሚየም፣ ጥቂት አይረን፣ የቀረው ኒኬል። ሰባቷ ቁጥር በጥንቃቄ የተመረጠች ናት። ከዚያ በላይ ቢሆን ጨው ይበላዋል፤ ከዚያ በጣም ቢያንስ ደግሞ የቧንቧው ውጭ፣ አየር የሚነካው ገጽ፣ በ650 ዲግሪ ይቃጠላል። በውስጥ ጠላት የሆነው ክሮሚየም በውጭ ዘበኛ ነው።

በዚህ ቅይጥ የተሠራው ሁለተኛው ማብላያ ከጁን 1965 እስከ ዲሴምበር 1969 እ.ኤ.አ. ሠራ፤ ኃይሉ 8 ሜጋዋት ያህል። ነዳጅ ተሸካሚው የሊቲየም፣ የቤሪሊየምና የዚርኮኒየም ፍሎራይድ ነበር። ጨው ከመግባቱ በፊት በኒኬል ማሰሮ ውስጥ ቀልጦ ሃይድሮጂንና ሃይድሮጂን ፍሎራይድ እየተነፋበት ኦክሳይዱ ተጠርጓል። የግድግዳውን ጤና የሚከታተሉት ከጨው ላይ ናሙና እየቀዱ ክሮሚየሙን በመለካት ነበር፤ ልክ እንደ ደም ምርመራ። በመጀመሪያው ነዳጅ በሠሩበት ጊዜ ሁሉ ከሚሊዮን 40 እጅ ገደማ የነበረው ወደ 85 ገደማ ከፍ አለ። ጨው ወደ አምስት ቶን ይጠጋልና ከመላው ግድግዳ የወጣው ክሮሚየም ሁለት መቶ ግራም ያህል ነው ማለት ነው። በአማካይ ሲሰላ የአምስት ማይክሮን ጥልቀት፤ የፀጉር ውፍረት አሥረኛው ያህል።

ጨው ሲራብ ያደረጉት ነገር ለሕሊና ይጠቅማታል። የቤሪሊየም ዘንግ በተበሳሳ የኒኬል ቤት ውስጥ አድርገው በናሙና መቅጃው በኩል ወደ ፓምፑ ያወርዱታል። ጥቂት ግራም ቤሪሊየም ይሟሟል፣ ትርፉን ፍሎሪን እሱ ይወስዳል፣ ከፊሉ ዩራኒየም ወደ ባለ ሦስት ይመለሳል። የተራበውን ጨው ግድግዳውን ከመብላቱ በፊት ሌላ ማጉረስ ነው። ጋሽ ምድጃ የግራፋይት ዘንግ እንደሚያወርዱት።

ሊዲያ_ስቶክሆልም
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡25

ዳዊት፣ አምስት ማይክሮን ብቻ ከሆነ ችግሩ ተፈቷል ማለት ነው? ታዲያ ለምን እስካሁን በየአገሩ ይጠናል? እዚህ ትምህርት ላይ የሰማሁት የቴሉሪየም ስንጥቅ የሚባል ነገር አለ፣ እሱን ዘለልከው።

ዳዊት_ኖክስቪል
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5፡30

አልዘለልኩትም ሊዲያ፣ ለብቻው ልጽፈው ብዬ ነው። አማካይ ሁሉን አይናገርም፤ ያልሽው ትክክል ነው።

ማብላያው ከተዘጋ በኋላ ቁርጥራጮች ወጥተው በመጎተቻ ማሽን ሲሳቡ፣ የነዳጁ ጨው የነካው ገጽ ላይ ጥቃቅን ስንጥቆች ተከፈቱ። ጥልቀታቸው እስከ ሩብ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ጨው ያልነካው ገጽ ላይ የሉም። ሁሉም የሄዱት በቅንጣቶቹ ስፌት በኩል ነው። ጥፋተኛው ከዩራኒየም ስንጥቅ የሚወለደው ቴሉሪየም ሆኖ ተገኘ፤ መጠኑ እዚህ ግባ የማይባል ነው፣ ግን ስፌቱ ውስጥ ገብቶ ያሰባብረዋል። በ1970ዎቹ ሁለት መድኃኒት አገኙለት። አንዱ በብረቱ በኩል ነው፣ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ኒዮቢየም መጨመር። ሌላው በጨው በኩል ነው። ባለ አራቱ ዩራኒየም ከባለ ሦስቱ ከ60 እጥፍ ገደማ እንዳይበልጥ ከተያዘ ቴሉሪየሙ ብረቱን ይተዋል። ያው ቤሪሊየሙ ማለት ነው! እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ከዝገት የሚያድነው ዘዴ ከስንጥቅም ያድናል።

ሌላው ያልተፈታ ጉዳይ የኒውትሮን ነው። ኒኬልና በውስጡ በጥቂቱ ያለ ቦሮን ኒውትሮን ሲውጡ ሂሊየም ይፈጥራሉ፣ ሂሊየሙ ስፌቱ ላይ ተጠራቅሞ ብረቱን ተሰባሪ ያደርገዋል። ይህ ዝገት አይደለም፣ ጨውን በማጽዳትም አይድንም።

የሙቀት ልዩነትም አለ። ክሮሚየም በሞቃቱ ቧንቧ ይሟሟል፣ ቀዝቀዝ ባለው ይቀመጣል። ጨው ሲዞር ሁሌም ከሞቃቱ እየወሰደ ወደ ቀዝቃዛው ያመላልሳል። በክሩሲብል ውስጥ ለ100 ሰዓት የተሠራ ሙከራ ይህን አያሳይም፤ ሕሊና፣ ይህን በጥናትሽ ላይ በግልጽ ጻፊው፣ ጉድለት አይሆንብሽም።

ሊዲያ_ስቶክሆልም
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡10

አሁን ገባኝ። ከጨረሩ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ልጨምር። በ2020 እ.ኤ.አ. ኤምአይቲ ከሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት አለ። የኒኬልና የክሮሚየም ስስ ቅይጥ በ650 ዲግሪ ፍሎራይድ ጨው እየነካው በፕሮቶን ሲመታ፣ ከተመታው ክፍል ይልቅ ያልተመታው ነው በስፌቱ በኩል የበለጠ የተበላው። ጨረሩ አተሞቹን ስለሚያንቀሳቅሳቸው በስፌቱ ላይ የሚከፈተውን ባዶ ከመሐል የሚመጡት ይሞሉታል። ለአንድ ዓይነት ቅይጥ ለጥቂት ሰዓት የተሠራ ስለሆነ ለሁሉም አይሆንም፤ ግን ጨረር ሁሉን ያባብሳል ብለን እንዳንደመድም ያደርገናል።

ጥያቄ ግን አለኝ። ክሮሚየም ጠላት ከሆነ ካይሮስ ፓወር የሚባለው ኩባንያ ኦክሪጅ ላይ የሚገነባው ሄርሜስ የተባለ ማብላያ ለምን የ316 ዝርያ የሆነውን 316 ኤችን መረጠ? እሱ እኮ ከመቶ 16 እጅ በላይ ክሮሚየም አለበት። ቻይናዎቹ ጋንሱ ውስጥ በኦክቶበር 2023 ያስነሡት ባለ 2 ሜጋዋቱ ማብላያ ግን ከሃስቴሎይ ኤን ጋር የሚመሳሰል ቅይጥ ነው የተጠቀመው።

ዳዊት_ኖክስቪል
ሐሙስ፣ ከቀኑ 10፡00

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሁለት ምክንያት ይታየኛል። ሄርሜስ ጨውን የሚጠቀመው ለማቀዝቀዣ ነው፣ ነዳጁ በግራፋይት ኳሶች ውስጥ ታሽጎ ነው ያለው። ጨው ውስጥ የሚሟሟ ዩራኒየም ስለሌለ የጣናው የተናገረው ረሃብ በእጅጉ ይቀንሳል። በድሮው ማብላያም ዩራኒየም ያልነበረበት የማቀዝቀዣው ጨው ክሮሚየሙ ከዓመት ዓመት እምብዛም አልጨመረም። ሁለተኛው የደንብ ጉዳይ ነው። ለከፍተኛ ሙቀት ማብላያ የአሜሪካ መሐንዲሶች ደንብ የፈቀዳቸው ብረቶች ጥቂት ናቸው፤ 316 ኤች አለበት፣ ሃስቴሎይ ኤን የለበትም። ለማስገባት ብረቱ ለረጅም ዓመታት በሙቀት ተስቦ መፈተን አለበት። የሄርሜስ የግንባታ ፈቃድ በዲሴምበር 2023 የወጣው በሚታወቅ ብረትና በጣም ንጹሕ በሆነ ጨው ላይ ተመሥርቶ ነው። እኔ በግሌ ምርጫቸው ትክክል ይመስለኛል፣ ግን ሸክሙን ሁሉ በጨው ጥራት ላይ ነው የጣሉት።

ጋሽ_ምድጃ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡00

ዳዊት ልጄ፣ እንግዲህ እዚያ ውስጥ ምላጭ መንከር አይቻልም። ጨው መራቡን በምን ያውቃሉ? ክሮሚየሙ ሲጨምር ማየት እኮ ከተበላ በኋላ ማወቅ ነው።

ዳዊት_ኖክስቪል
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡45

ጋሼ፣ ልክ ነዎት፣ ክሮሚየም ዘግይቶ ነው የሚናገረው። ዛሬ የሚደረገው ስስ የብረት ሽቦዎች ጨው ውስጥ ነክሮ ቮልቴጁን ቀስ እያሉ መለዋወጥና የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ መመዝገብ ነው። ባለ አራቱ ዩራኒየም ወደ ባለ ሦስት ሲለወጥ በአንድ የታወቀ ቮልቴጅ ላይ ጉብታ ይታያል፣ ክሮሚየምም የራሱ አለው። ከዚያ ተነሥቶ ድርሻቸው ይሰላል። ችግሩ ሽቦዎቹ በዚያ ሙቀት ለዓመታት ሳይበላሹ መቆየታቸው ነው፤ ብዙ ሰው አሁን የሚደክመው በዚህ ላይ ነው።

ሕሊና_ቅይጥ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡20

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ብረት ፍለጋውን ትቻለሁ። አሁን ጨውን ማዳን ነው የምፈልገው። ባለኝ ዕቃ ምን ላድርግ?

ዳዊት_ኖክስቪል
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 5፡40

ከሁሉ በፊት መስኮት አይበቃም። ጋዙ ሳንባ ይጎዳል፤ ጢስ መምጠጫ ያለው ክፍል ከሌለ ሥራውን አትጀምሪ።

ጨውን ለየብቻ በቀስታ አድርቂ። ማግኒዥየም ክሎራይዱን ከአሞኒየም ክሎራይድ ጋር ቀላቅለሽ፣ ደረቅ አርጎን ጋዝ እያሳለፍሽ፣ በየደረጃው ለብዙ ሰዓት እያቆምሽ አሙቂው። አሞኒየም ክሎራይዱ ውሃውና ክሎራይዱ እንዳይጣሉ ያደርግና በኋላ ራሱ ተንኖ ይሄዳል፤ ቀዝቃዛው ቧንቧ ላይ ስለሚጋገር መውጫውን እንዳይዘጋብሽ ተጠንቀቂ። ከዚያ አቅልጠሽ፣ ጨው ሙሉ በሙሉ ቀልጦ ጸጥ ካለ በኋላ ትንሽ ንጹሕ የማግኒዥየም ቁራጭ ጨምሪበት። ያ ለአንቺ ቤሪሊየሙ ነው፤ የቀረውን መርዝ ክሮሚየም ከማግኘቱ በፊት ይወስደዋል። የአሉሚናውን ክሩሲብል ተዪው፣ ማግኒዥየም አሉሚናን ይነካዋል። የሚሻለው ከዚያው ከ316 የተሠራ ኩባያ ነው፤ ዕቃውና ቁራጩ አንድ ዓይነት ሲሆኑ ጨው በመካከላቸው አያመላልስም። ግራፋይት አትጠቀሚ፣ ካርቦኑ ከክሮሚየም ጋር እየተጣመረ መበላቱን ያፋጥነዋል።

በያጁ_አዳማ
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡15

እህቴ፣ ኩባያውን ለእኔ ተዪው። ከ316 ቧንቧ ላይ ቆርጬ ታቹን በአርጎን ብየዳ እዘጋልሻለሁ፣ የብየዳ ሽቦውም 316 ይሆናል። ከውስጥም አርጎን እያስነፋሁ ነው የምበይደው፣ አለበለዚያ ውስጡ ይጠቁራል። የአርጎን ሲሊንደርም እንዋሳለን፣ ግን የብየዳ አርጎን ትንሽ እርጥበት አይጠፋውም፤ ማድረቂያ አሳልፊው።

ሕሊና_ቅይጥ
ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9፡30

ተመልሻለሁ። አዳማ ድረስ ሄጄ ስድስት ኩባያ ተቀብያለሁ፤ ወንድሜ ገንዘብ አልቀበልም ብሎኛል፣ እዚህ በሁሉም ፊት አመሰግናለሁ። ሌላ ትምህርት ክፍል ያለ የቱቦ ፈርነስ ለመነን አገኘን፣ ጢስ መምጠጫው ሥር ነው ያለው።

ማድረቁ ብቻ አራት ቀን ፈጀ። መውጫው አንዴ ተዘግቶብኝ ነበር፣ ዳዊት እንዳልከው። ሲቀልጥ ግን የመጀመሪያው ልዩነት በዓይን ታየ፤ በፊት ደመና የመሰለ ነበር፣ አሁን የኩባያው ታች ያለው የብየዳ መስመር ጥርት ብሎ ይታያል። ጋሽ ምድጃ፣ እንደ ምንጭ ውሃ ያሉት ትዝ አለኝ።

ማግኒዥየም ያለባቸው ሦስት ቁራጮች በተለያየ ሳምንት ነው የተሠሩት፤ የክብደት ልዩነታቸው ከሚዛኑ ስህተት አይዘልም። ማግኒዥየም የሌለባቸው ሁለቱ፣ ጨው ደርቆ እያለ እንኳ፣ ከእነሱ ይበልጥ ተበልተዋል፣ ግን ከድሮዎቹ ጋር አይወዳደሩም። ትናንት አንዱን ማግኒዥየም የሌለበትን ቆርጬ ፈግፍጌ ማይክሮስኮፕ ሥር አደረግኩት። ከገጹ ሥር ጥቁር ነጠብጣቦች አሉ፣ በስፌቱ ተሰልፈው። የእንጀራ ዓይን ናቸው ወይስ ስፈገፍግ ያወጣኋቸው ናቸው? እንዴት ነው የምለየው?

ዳዊት_ኖክስቪል
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡05

እንኳን ደስ ያለሽ! ስትፈገፍጊ የወጡ ከሆኑ በሁሉም ቦታ ተበታትነው ታገኛቸዋለሽ፤ ጨው የፈጠራቸው ከሆኑ ከገጹ ጥቂት ማይክሮን ዘልቀው ያቆማሉ፣ መሐሉ ንጹሕ ነው። በዚያው መስመር ላይ ክሮሚየሙን በኤክስሬይ ለኪው፣ ከገጹ ጀምረሽ ወደ ውስጥ። ያልተነከረ ቁራጭም በዚያው ወረቀት፣ በዚያው እጅ ፈግፍጊና አጠገቡ አስቀምጪው። ምስሉን እዚህ ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን።